ከአሸናፊው ጎን ማን ነበር? የሴፕቴምበር 2023 የአለም ስፖርት ውጤቶች ሲነበቡ

ሴፕቴምበር 10 2023 እሁድ ነበር። በዛ በአንድ ቀን ማኒላ ላይ ጀርመን ሰርቢያን 83 ለ 77 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የአለም የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን ሆነች፣ ኒውዮርክ ላይ በቴኒስ ኖቫክ ጆኮቪች ሜድቬዴቭን በሶስት የጨዋታ ዙር ረቶ 24ኛ ግራንድ ስላሙን ወሰደ፣ የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደሞ በዋዜማው ገዛ ሜዳው ላይ በጃፓን 4 ለ 1 የተቀጣውን ቡድን አሰልጣኝ ሀንሲ ፍሊክን አሰናበተ፣ ቀኑ ሳያልቅ የስፔን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ሉዊስ ሩቢያሌስም ስልጣን እንደሚለቅ አሳወቀ።

ይሄ እንግዲህ የአንድ እሁድ ወሬ ነው። ወሩን ሙሉ ካየነው፣ በኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 26 2015 እስከ መስከረም 19 2016 ያለው ማለት ነው፣ የሴቶች ማራቶን፣ የሴቶች 5000፣ የወንዶች 2000 ሜትርና የምርኩዝ ዝላይ የአለም ሪከርዶች ተሰብረዋል፣ ፎርሙላ ዋን ላይ በታሪክ ያልታየ የተከታታይ ድል ሪከርድ ተመዝግቦ እዛው ወር ላይ ተቋርጧል፣ የራግቢ የአለም ዋንጫ ተጀምሯል፣ የስፔን ዙር የብስክሌት ውድድር ቩኤልታ አልቋል፣ ቱርክ በሴቶች መረብ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆናለች። ይሄ ሁሉ ስልካችን ላይ የሚደርሰን በአንድ መስመር ነው፣ ስም እና ቁጥር። ስሙም ቁጥሩም ልክ ነው፣ ውጤቱ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። እኔ የዛን ወር ውጤቶች ጎን ለጎን ሳያቸው ደጋግሞ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፦ በአንድ ሰው ስም የተመዘገበው ድል አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች አብረው የሰሩት ነው። አሯሯጭ፣ የቡድን ጓደኛ፣ መሀንዲስ፣ አንዳንዴ እንደውም ተቀናቃኙ ራሱ። ይሄን ስል የአሸናፊውን ድካም ለማሳነስ አይደለም፣ በተቃራኒው አሸናፊው በትክክል ምን እንደሰራ የሚገባን ከጎኑ ማን እንደነበር ስናውቅ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ከበርሊን እንጀምር፣ ምክንያቱም የወሩ ትልቁ ቁጥር እዛ ነው ያለው። ሴፕቴምበር 24 ትዕግስት አሰፋ 2:11:53 ገባች። ከዛ በፊት የነበረው ሪከርድ ኬንያዊቷ ብሪጂድ ኮስጌ 2019 ቺካጎ ላይ ያስመዘገበችው 2:14:04 ነው፣ ስለዚህ ትዕግስት በአንድ ጠዋት 2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ቀነሰች ማለት ነው። ኮስጌ ራሷ የፓውላ ራድክሊፍን 2:15:25 ስትሰብር የቀነሰችው 81 ሰከንድ ነው፣ እሱን ለመስበር ደሞ 16 አመት ፈጅቷል። አበበ ቢቂላ 1964 ቶኪዮ ላይ ሁለተኛ የኦሎምፒክ ማራቶኑን ሲያሸንፍ የገባበት 2:12:11 በጊዜው የወንዶች የአለም ሪከርድ ነበር፣ ትዕግስት የገባችው ከዛ በ18 ሰከንድ ፈጥና ነው። ይሄን አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፣ የአበበን ሰአት የሚያክል ነገር ሴት ልጅ ትሮጠዋለች ብሎ በዛን ዘመን ማን ያስብ ነበር።

አሯሯጧን ደሞ እዩት። የመጀመሪያውን ግማሽ በ66:20 ጨረሰች፣ ሁለተኛውን በ65:33። ማለትም አብዛኛው ሰው በሚደክምበት ሰአት እሷ በ47 ሰከንድ አፈጠነች። በአማካይ አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ አካባቢ ነው የሮጠችው፣ እሱንም ለ42 ኪሎ ሜትር። ሁለተኛ የወጣችው ኬንያዊቷ ሺላ ቼፕኪሩይ 2:17:49 ነው የገባችው፣ በመሀላቸው ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ታዲያ ስድስት ደቂቃ ጥላት የሄደች ሴት ከማን ጋር ነው የሮጠችው? ከወንዶች ጋር ነው። በርሊን ላይ ወንዱም ሴቱም አብሮ ይነሳል፣ ስለዚህ ሴት አትሌቶች ወንድ አሯሯጭ ከፊት አድርገው ነፋሱን እየከለለላቸው፣ ሪትሙን እየጠበቀላቸው መሮጥ ይችላሉ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ ህጉ የሚፈቅደው ነው፣ ግን ለውጥ ያመጣል፣ ለዛም ነው የአለም አትሌቲክስ በሴቶች ማራቶን ሁለት ሪከርድ የሚይዘው፣ አንዱ ከወንዶች ጋር ተቀላቅለው ለሚሮጡበት፣ አንዱ ሴቶች ብቻቸውን ለሚሮጡበት። በዛን ሰአት ሴቶች ብቻ የሚሮጡበት ሪከርድ የሜሪ ኬይታኒ 2:17:01 ነበር፣ 2017 ለንደን ላይ የተሮጠ። የሁለቱን ልዩነት ስታዩት አሯሯጭ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በግልጽ ይታያል።

ከዛ ጫማው አለ። ትዕግስት ከገባች በኋላ ጫማዋን አውልቃ ስትስመው አለም ሁሉ አይቷታል። አዲዳስ አዲዜሮ አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1 ይባላል፣ አንዱ 138 ግራም ነው የሚመዝነው፣ 500 ዶላር ይሸጥ ነበር፣ መጀመሪያ ገበያ ላይ የወጣው 521 ጥንድ ብቻ ነው፣ ኩባንያው ራሱ ለአንድ ማራቶን የተሰራ ነው ብሎ ነው ያወጣው። ወዲያው ሶሻል ሚዲያው ላይ "የሮጠው ጫማው ነው" የሚል ወሬ ተነሳ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፊት ላይ ከሚሮጡት ውስጥ ካርቦን ያለው ሱፐር ጫማ ያላደረገ አትሌት ዛሬ የለም፣ ሁሉም ድርጅት የራሱን ይሰራል፣ ጫማው ሰከንዶች ሊሰጥ ይችላል ግን ስድስት ደቂቃ አይሰጥም። ስለሷ ብዙ ያልተወራው ከየት እንደመጣች ነው። ትዕግስት የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፣ 2014 ላይ 1:59.24 ሮጣለች፣ ሪዮ ኦሎምፒክ ላይም የተወዳደረችው በ800 ነው። የ800 ፍጥነት ያላትን ልጅ ወደ ማራቶን መውሰድ ቀላል ውሳኔ አይደለም፣ ከአሰልጣኝ ገመዱ ደደፎ ጋር አመታት የፈጀ ስራ ነው፣ 2022 እዛው በርሊን ላይ 2:15:37 ስትገባ ብዙ ሰው እንደ ድንገተኛ ነገር ነበር ያየው፣ አመቱ ሲመለስ ደሞ ወደ አራት ደቂቃ የሚጠጋ ቀነሰች።

ወንዶቹ ጋ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ 2:02:42 ገብቶ በርሊንን ለአምስተኛ ጊዜ አሸነፈ፣ ታደሰ ታከለ በ2:03:24 ሶስተኛ ወጣ። በሌላ አመት ቢሆን ዋናው ዜና ይሄ ነበር።

ከበርሊን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሴፕቴምበር 16 እና 17፣ አሜሪካ ዩጂን ላይ የዳይመንድ ሊግ ፍጻሜ ነበር። ጉዳፍ ፀጋይ 5000 ሜትሩን 14:00.21 ሮጠች። ሪከርዱን ፌዝ ኪፕዬጎን ገና ሰኔ ላይ ፓሪስ ውስጥ 14:05.20 አድርጋው ነበር፣ ጉዳፍ በሶስት ወር ውስጥ አምስት ሰከንድ ቀነሰችለት። አንዱን ዙር በ67 ሰከንድ አካባቢ አስራ ሁለት ዙር ተኩል መሮጥ ማለት ነው። እዚህ ውጤት ላይ ግን የብዙ ሰው አይን ያለፈው ሁለተኛዋ ናት። ቢያትሪስ ቼቤት 14:05.92 ነው የገባችው፣ ማለትም ሁለተኛ ወጥታ ጉዳፍ የሰበረችውን የአሮጌውን ሪከርድ ልትነካው አንድ ሰከንድ አልቀራትም። እንደዚህ አይነት ሰው ከኋላ እየመጣ ፍጥነት መቀነስ አይቻልም። አሯሯጮቹ ከወጡ በኋላ ሪከርድ የሚያሰብረው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፣ ከኋላ ያለው ፍርሃት።

በወንዶችም ያው ነው የሆነው፣ እንደውም ሁለት ጊዜ። ቅዳሜ በማይል ሩጫ ጃኮብ ኢንገብሪግትሰን 3:43.73 ሮጦ የአውሮፓ ሪከርድ ሰበረ፣ አሜሪካዊው ያሬድ ኑጉሴ ግን እስከ መጨረሻው አልለቅም ብሎት 3:43.97 ገባ፣ የአሜሪካ ሪከርድ። በማግስቱ 3000 ላይ ኢንገብሪግትሰን 7:23.63፣ ዮሚፍ ቀጀልቻ 7:23.64። አንድ መቶኛ ሰከንድ! ዮሚፍ የኢትዮጵያን ሪከርድ ሰብሮ ሁለተኛ ነው የወጣው፣ ኢንገብሪግትሰንም ዮሚፍ ባይኖር ያን ሰአት አያገኘውም ነበር ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም በፊተኛው ቀን ማይል የሮጠ እግር መጨረሻው መቶ ሜትር ላይ እንደዛ እንዲሮጥ የሚያደርገው ጎኑ ያለ ሰው ብቻ ነው። የሚገርመው ይሄው ኖርዌጂያዊ ሴፕቴምበር 8 ብራስልስ ላይ የ2000 ሜትርን የአለም ሪከርድ ከሞሮኳዊው ሂሻም ኤል ጉሩዥ ወስዶ 4:43.13 አድርጎት ነበር።

ብቸኛው ለብቻው የቆመ ሪከርድ የሞንዶ ዱፕላንቲስ ነው፣ 6.23 ሜትር። ምርኩዝ ዝላይ አሯሯጭ የለውም፣ ነፋስ የሚከልል የለም፣ ከፍታውን የሚመርጠውም ዘላዩ ራሱ ነው፣ ለዛ ነው ሪከርዱ ሁሌ በአንድ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያድገው። ሯጭ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሰአቱ ስንት እንደሆነ መጨረሻ ላይ ነው የሚያውቀው፣ ዘላይ ግን አንድ ሴንቲ ብቻ አስጨምሮ ሌላውን ለሚቀጥለው ውድድርና ለሚቀጥለው ቦነስ ማቆየት ይችላል። ስለዚህ "ሪከርድ ተሰበረ" የሚለው ቃል በሁለቱ ስፖርቶች ላይ አንድ አይነት ነገር አይደለም።

ፎርሙላ ዋን ላይ ደሞ ማክስ ቨርስታፐን ሴፕቴምበር 3 ሞንዛ ላይ 10ኛ ተከታታይ ውድድሩን አሸንፎ የሴባስቲያን ቬትልን የ9 ሪከርድ አለፈ። ሹፌሩ ነው ወይስ መኪናው ለሚለው የቆየ ክርክር ያ አመት ጥሩ ማስረጃ ነበር፣ ምክንያቱም ያንኑ መኪና የሚነዳ ሌላ ሰው አለ፣ ሰርጂዮ ፔሬዝ። የሁለቱ ቡድን ሬድ ቡል በዛ አመት ከ22 ውድድር 21ዱን አሸነፈ፣ ከ21ዱ 19ኙ የቨርስታፐን ናቸው። መኪናው ለሁለቱም ነበር፣ ልዩነቱ ሰውየው ነው። ግን መኪናው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደሞ ሴፕቴምበር 17 ሲንጋፖር ላይ ታየ፣ ሬድ ቡል መኪናውን ማስተካከል አቅቶት ቨርስታፐን አምስተኛ፣ ፔሬዝ ስምንተኛ ሆኑ።

የፌራሪው ካርሎስ ሳይንዝ ያንን ውድድር ያሸነፈበት መንገድ ለኔ የወሩ ምርጥ የጭንቅላት ስራ ነው። መጨረሻው ላይ ሳይንዝ ይመራል፣ ከኋላው ላንዶ ኖሪስ አለ፣ ከነሱ ኋላ ደሞ አዲስ ጎማ የቀየሩት ሁለቱ መርሴዲሶች፣ ጆርጅ ራስልና ሉዊስ ሀሚልተን፣ በጣም እየፈጠኑ እየመጡ ነው። በጊዜው ህግ ከፊትህ ካለው መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሆንክ በተፈቀደልህ ቦታ የኋላ ክንፍህን ከፍተህ ፍጥነት መጨመር ትችላለህ። ማንኛውም ሰው ሳይንዝ ከኖሪስ ለመራቅ ይታገላል ብሎ ነው የሚጠብቀው፣ እሱ ግን ሆን ብሎ ኖሪስ በዛች አንድ ሰከንድ ውስጥ እንዲቆይ ፍጥነቱን እየመጠነ ነዳ፣ ኖሪስ ክንፉን እየከፈተ ከራስል እንዲያመልጥ። ኖሪስ ሳይታለፍ ከቆየ ራስል ሳይንዝ ጋ መድረስ አይችልም። ተቀናቃኙን ጋሻ አደረገው ማለት ነው። ራስል መጨረሻው ዙር ላይ ግድግዳ መታ፣ ሳይንዝ አሸነፈ፣ ኖሪስ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሁለተኛ ገባ። ያ በዛ አመት ሬድ ቡል ያላሸነፈው ብቸኛ ውድድር ሆኖ ቀረ።

ይሄ የጎን ሰው ጉዳይ ግልጽ ሆኖ የወጣው ግን ብስክሌት ላይ ነው፣ እዛው ሴፕቴምበር 17 ማድሪድ ላይ ባለቀው ቩኤልታ። በብስክሌት ቡድን ውስጥ አንድ መሪ አለ፣ ሌሎቹ ለሱ ነው የሚሰሩት፣ ነፋስ ይከልሉለታል፣ ውሃ ያመጡለታል፣ ተራራ ላይ እስኪደክሙ ይጎትቱትና ይወርዳሉ። አሜሪካዊው ሴፕ ኩስ በዩምቦ ቪስማ ቡድን ውስጥ እንደዛ አይነት ሰው ነበር። በዛው አመት ግንቦት ላይ ፕሪሞዝ ሮግሊች የጣሊያኑን ዙር ጂሮን ሲያሸንፍ አብሮት ነበር፣ ሐምሌ ላይ ዮናስ ቪንጌጎር ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ አብሮት ነበር፣ ከዛ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሁለቱም መሪዎች ይዘውት ወደ ስፔን መጡ። በስድስተኛው ቀን ከፊት ካመለጡት ጋር አብሮ ወጥቶ አሸነፈ፣ ከሁለት ቀን በኋላ የውድድሩ መሪ የሚለብሰውን ቀዩን ማሊያ ለበሰ፣ ሁሉም ሰው ለጥቂት ቀን ነው የሚይዘው ብሎ አሰበ። አልለቀቀውም።

ከዛ ነገሩ አስቸጋሪ ሆነ። ሴፕቴምበር 13 አንግሊሩ በሚባለው አስፈሪ አቀበት ላይ ሮግሊችና ቪንጌጎር የገዛ ቡድን ጓደኛቸውን፣ ያውም መሪውን ማሊያ የለበሰውን፣ ጥለውት ወጡ። ኩስ ቀዩን ማሊያ ያተረፈው በ8 ሰከንድ ብቻ ነው። የብስክሌት ወዳጅ ሁሉ ተቆጣ፣ አመት ሙሉ ለእናንተ የሞተን ልጅ እንዴት ነው የምታደርጉት ተባለ። ሌላው ወገን ደሞ ውድድር ነው፣ ጠንካራው ያሸንፍ አለ። እኔ ከተቆጡት ጋር ነኝ። አንድ ሰው ለሌላው መስራቱ የስፖርቱ ህግ ከሆነ፣ ተራው የደረሰው ቀን ህጉ ለሱም መስራት አለበት። ቡድኑም መጨረሻ ላይ እዛ ደረሰ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ሁለቱ ለሱ ሰሩ፣ ኩስ ቪንጌጎርን በ17 ሰከንድ በልጦ አሸነፈ፣ ሮግሊች ሶስተኛ። አንድ ቡድን በአንድ አመት ሶስቱንም ታላላቅ ዙሮች በሶስት የተለያዩ ሰዎች ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነው።

ወደ ቅርጫት ኳሱ ስንመለስ፣ ሚዲያው ሁሉ የጠየቀው "አሜሪካ ለምን ተሸነፈች" ብሎ ነው። ጥያቄው መሆን የነበረበት ጀርመን ለምን አሸነፈች ነው። አሜሪካ በኤንቢኤ ተጫዋቾች የተሞላ ቡድን ይዛ ነው የሄደችው፣ ግን ለሊትዌኒያ 110 ለ 104፣ ለጀርመን በግማሽ ፍጻሜ 113 ለ 111፣ ለሶስተኛ ደረጃ ደሞ ለካናዳ በተጨማሪ ሰአት 127 ለ 118 ተሸንፋ አራተኛ ወጣች። ጀርመን ስምንት ተጫውታ ስምንቱንም አሸነፈች። የጀርመኑ አሰልጣኝ ጎርደን ኸርበርት ተጫዋቾቹን ለሶስት ክረምት ቃል እንዲገቡ ነው የጠየቃቸው፣ ለአንድ ውድድር ብቻ አይደለም። ዴኒስ ሽሮደር የውድድሩ ኮከብ ተባለ፣ ፍጻሜው ላይ 28 ነጥብ አስቆጠረ፣ ግን አሜሪካንን የገደላት ኤንቢኤ ውስጥ የሌለው አንድሪያስ ኦብስት ነው፣ 24 ነጥብ። አሜሪካኖቹ አብረው የቆዩት ለሳምንታት ነው። እግር ኳሱ ላይ ደሞ እዛው ሀገር፣ እዛው ቀን፣ ከ1926 ጀምሮ አንድም ዋና አሰልጣኝ አባሮ የማያውቀው ፌዴሬሽን የመጀመሪያውን አባረረ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ያው ቡድን በጊዜያዊ አሰልጣኝ ፈረንሳይን 2 ለ 1 አሸነፈ።

ከዛ ውድድር ልቤን የነካው ግን ደቡብ ሱዳን ናት። ነጻ ሀገር የሆነችው 2011 ነው፣ የመጀመሪያ የአለም ዋንጫዋ ነበር፣ ቻይናን አሸነፈች፣ አስተናጋጇን ፊሊፒንስን አሸነፈች፣ ሴፕቴምበር 2 ላይ አንጎላን 101 ለ 78 ረታ ከአፍሪካ ቀዳሚ በመሆን በቀጥታ የፓሪስ ኦሎምፒክ ገባች። ጣራ ያለው ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ እንኳን ሀገር ውስጥ ሳይኖራቸው። ከጀርባው የቀድሞው የኤንቢኤ ተጫዋች ሉኦል ዴንግ አለ፣ ፌዴሬሽኑን እየመራ፣ ከኪሱም እያወጣ፣ በስደት በየሀገሩ ያደጉትን ልጆች አንድ አንድ እያለ የሰበሰበ። ይሄ እድል የሚመስለው ሰው ካለ 2024 ለንደን ላይ የወዳጅነት ጨዋታ አድርገው 101 ለ 100 ቢሸነፉም እነ ሌብሮን ጀምስን እስኪያልባቸው ድረስ እንዳስጨነቋቸው ያስታውስ።

ራግቢ ላይ ፊጂ አውስትራሊያን 22 ለ 15 ስታሸንፍ ከ1954 በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር፣ ሁሉም ጋዜጣ ተአምር ብሎ ጻፈ። ተአምር አይደለም። ከ2022 ጀምሮ ፊጂያን ድሩዋ የሚባል ክለብ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ክለቦች በሚጫወቱበት ሱፐር ራግቢ ሊግ ውስጥ ገብቷል፣ ልጆቹ ሀገራቸው ሆነው በየሳምንቱ ከትልልቆቹ ጋር መጫወት ጀመሩ፣ ከብሄራዊ ቡድኑ ብዙዎቹ ከዛ ነው የመጡት። ፈረንሳይም በመክፈቻው ኒውዚላንድን 27 ለ 13 ረታለች፣ ኒውዚላንድ በአለም ዋንጫ የምድብ ጨዋታ ስትሸነፍ የመጀመሪያዋ ነው።

ክሪኬት በኛ ሰው ብዙ አይታይም፣ ግን ሴፕቴምበር 17 ኮሎምቦ ላይ የእስያ ዋንጫ ፍጻሜ ሲሪላንካ ገዛ ሜዳዋ ላይ 50 ሩጫ (ነጥብ) ብቻ አግኝታ ተጫዋቾቿ ሁሉ ወጡባት፣ ህንዳዊው ሞሀመድ ሲራጅ በአንድ ዙር ውርወራ፣ ማለትም በስድስት ኳስ ውስጥ፣ አራት ተጫዋች አስወጣ፣ በጠቅላላው ስድስት። ዝናብ ውድድሩን ሙሉ ሲያስቸግር ነበር። ሲራጅ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተሰጠውን 5000 ዶላር ሜዳውን እየሸፈኑ እየገለጡ ጨዋታው እንዲካሄድ ላደረጉት የሜዳ ሰራተኞች ሰጠ፣ እነሱ ባይኖሩ ይሄ ውድድር አይካሄድም ነበር ብሎ።

ቴኒስ ይሄን ሀሳቤን ትንሽ ይፈትነዋል፣ ሜዳ ላይ ብቻህን ነህና። ጆኮቪች በ36 አመቱ ሁለተኛውን ዙር ብቻ 1 ሰአት ከ44 ደቂቃ ታግሎ ሲያሸንፍ የረዳው ሰው የለም፣ ኮኮ ጎፍም በ19 አመቷ ሳባሌንካን 2-6፣ 6-3፣ 6-2 ስትገለብጥ ያው ነው፣ ምንም እንኳን በዛ ክረምት አሰልጣኞቹን ፔሬ ሪባንና ብራድ ጊልበርትን አምጥታ አጨዋወቷ ቢለወጥም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የተምታታበት ሳባሌንካ ቅዳሜ ፍጻሜውን ተሸንፋ ሰኞ የአለም ቁጥር አንድ መሆኗ ነው። ደረጃ የሚሰላው በ52 ሳምንት ውስጥ በተሰበሰበ ነጥብ ነው፣ የአንድ ቀን ዋንጫ እሱን አይወስንም።

እና የስፔን ሴቶች። ነሐሴ ላይ የአለም ዋንጫ አንስተው የአለም ሻምፒዮን ሆነው የመጀመሪያ ጨዋታቸው ሴፕቴምበር 22 ስዊድን ላይ ነበር፣ 3 ለ 2 አሸነፉ፣ የመጨረሻዋ ጎል በባከነ ሰአት የገባች ፍጹም ቅጣት ምት ናት። ስኮሩን ያየ ሰው ጠባብ ድል ይላል። እነዚህ ልጆች ግን ከሁለት ቀን በፊት ሌሊቱን ሙሉ ከፌዴሬሽኑ ጋር ተደራድረው ለውጥ ይደረጋል ከተባሉ በኋላ ነው ለመጫወት የተስማሙት፣ አሰልጣኙ ሆርሄ ቪልዳ ሴፕቴምበር 5 ተባሯል፣ ፕሬዝዳንቱ ሩቢያሌስ በዋንጫው ሽልማት ላይ ተጫዋች ያለፈቃዷ ስሞ በተነሳው ቁጣ በ10 ለቋል፣ ከጨዋታው በፊት ሁለቱም ቡድኖች አንድ ባነር ይዘው አብረው ቆመዋል። ለኔ የዛ ወር ከባዱ ውጤት ይሄ ነው፣ ከሪከርዶቹም በላይ፣ ስዊድኖቹም አብረው መቆማቸው ደሞ ይበልጥ።

ከዛ ወዲህ ነገሮች ተለዋውጠዋል። የጉዳፍን 14:00.21 የሰበረችው ማን መሰለቻችሁ፣ ያን ቀን ከኋላዋ የነበረችው ቢያትሪስ ቼቤት ናት፣ ጁላይ 2025 እዛው ዩጂን ትራክ ላይ 13:58.06። የማራቶኑን ሩት ቼፕንጌቲች 2024 ቺካጎ ላይ 2:09:56 አድርሳዋለች፣ እሷ በ2025 በዶፒንግ የሶስት አመት እገዳ ተጥሎባታል፣ ሪከርዱ ግን ከዛ በፊት የተሮጠ ስለሆነ አልተሰረዘም። ትዕግስት ደሞ ኤፕሪል 2025 ለንደን ላይ ያለምንም ወንድ አሯሯጭ 2:15:50 ሮጣ ሴቶች ብቻ የሚሮጡበትን የአለም ሪከርድ የራሷ አድርጋለች፣ "ወንዶች ናቸው የጎተቷት" ላሉት መልሱ ይሄው። የኢንገብሪግትሰን 2000 አልተነካም፣ እሱ ግን ርቀቱ ብዙ ጊዜ ስለማይሮጥም ነው። ሴፕ ኩስ ደሞ ወደ ቀድሞ ስራው ተመልሷል፣ 2025 ቪንጌጎር ቩኤልታን ሲያሸንፍ ተራራው ላይ ሲጎትተው የነበረው እሱ ነው።